ከማን ነው የሚሰወረው?

በሐዋሳው ታቦር ተራራ ጫፍ ላይ ራዳር ተከልን እንበል። ፈቃዱን ማን እንደሰጠን አትጠይቁኝ፤ ለጨዋታው ነው። ራዳራችን ደህና ራዳር ነው። አንድ ተራ ተዋጊ ጄት አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ብቅ ካለ ሐዋሳ ቁጭ ብለን እናየዋለን። የመኪናውን መንገድ ትተን በቀጥታ ስንለካው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄቱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቢመጣብን አናታችን ላይ እስኪደርስ 15 ደቂቃ ያህል አለን። ለመደዋወልም፣ ሚሳይል ለማሰናዳትም፣ ለመሸሽም ይበቃል።

አሁን አንድ ጎበዝ መሐንዲስ ይምጣና ጄቱን እንደገና ይሥራው። ፍጥነቱም ስፋቱም ያው ነው፤ ወደ ራዳራችን የሚመልሰውን ሞገድ ብቻ በ16 እጥፍ አሳንሶታል። የት ሲደርስ የምናየው ይመስላችኋል? አብዛኛው ሰው 220ን ለ16 ሊያካፍል ይነሳል። መልሱ ግን ግማሽ ነው፤ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ አካባቢ ሲደርስ እናየዋለን። ያ ሁሉ ልፋት ያተረፈው ግማሽ መንገድ ነው! 256 እጥፍ ቢያሳንሰው ላንጋኖ ግድም እንይዘዋለን። 10,000 እጥፍ ቢያሳንሰውስ? ያኔ ሻሸመኔ ደርሶ ነው የምናየው። በዚያ ፍጥነት ከሻሸመኔ ሐዋሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ ስልኩ ሳይነሳ ነገሩ አልቋል።

ምክንያቱ ቆንጆ ነው። ራዳር የሚልከው ሞገድ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየተበተነ ይሳሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አውሮፕላኑን ነክቶ ሲመለስም በዚያው ሕግ እንደገና ይሳሳል። ደርሶ መልሱ ሲባዛ የሩብ ሩብ፣ ማለትም አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ስለዚህ አውሮፕላን ሠሪው የሚታይበትን ርቀት በግማሽ ለማሳጠር 16 እጥፍ መድከም አለበት። ራዳር ሠሪውም በተራው ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ 16 እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል። ሁለቱም ወገን ላቡን እያፈሰሰ የሚሻማው በዚህች ቀመር ላይ ነው።

ስቴልዝ የሚሉት ጥበብ እንግዲህ ዘግይቶ የመታየት ጥበብ ነው። ጭራሽ የማይታይ አውሮፕላን እስካሁን አልተሠራም። ዘግይቶ መታየት ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ከማን ዓይን ነው የሚዘገየው? ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ከቆያችሁ ስለ ድሮን የምትሰሙት ዜና ግማሹ ይጠራላችኋል፤ የእኛው አገር ዜናም ጭምር። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች፣ የአገር ቤቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የማወራችሁ፤ እንዳይምታታባችሁ።)

ነገሩ የተጀመረው በሩሲያዊ የሂሳብ ሥራ ነው። ፒዮትር ኡፊምሴቭ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1962 ሞስኮ ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ይዘቱ ሞገድ የአንድን አካል ጠርዝ ሲመታ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላ ነበር። የሶቪየት ባለሥልጣናት የሚደበቅ ነገር አልታያቸውምና እንዲታተም ፈቀዱ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1971 አስተረጎመው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ሎክሂድ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዴኒስ ኦቨርሆልዘር ያን ትርጉም ሲያነብ የሚፈልገውን አገኘ፦ አንድ ቅርጽ ስንት ሞገድ እንደሚመልስ አውሮፕላኑ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ማስላት ይቻላል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ግን ጠፍጣፋ ገጾችን እንጂ የተጠማዘዘ ገጽ ማስላት አይችልም ነበር። ኤፍ-117 የተባለው የመጀመሪያው ስቴልዝ አውሮፕላን በጠፍጣፋ ገጾች ተገጣጥሞ የተሠራ ባለ ብዙ ማዕዘን ነገር የሆነው ለዚህ ነው፤ መልኩን የወሰነው የኮምፒውተሩ አቅም ነው። የሙከራ ታላቅ ወንድሙ በ1977 ዲሴምበር ላይ በረረ። ኡፊምሴቭ ራሱ በ1990 ካሊፎርኒያ ሄዶ ማስተማር ጀመረ። አገሩ ቸል ያለችው ቀመር ባሕር ማዶ ምን ሆኖ እንደጠበቀው ሲያይ ምን እንደተሰማው ማወቅ እወድ ነበር።

ገጹን አዘንብሎ መሥራት ማለት የመጣውን ሞገድ ወደ መጣበት ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ መስደድ ማለት ነው። የቀረውን ሞገድ የሚውጥ ቀለምና ሽፋን ይጨመርበታል፤ ዋናው ሥራ ግን የቅርጽ ነው። ሁለት ገጾች ቀጥ ባለ ማዕዘን ከተጋጠሙ፣ ለምሳሌ የቆመ ጭራ ከተኛ ክንፍ ጋር፣ ሞገዱን አዙረው ወደ ላኪው ይመልሱታል። የሞተሩ ፊት ላይ የሚሽከረከሩት ምላጮችም ያጋልጣሉ። ክንፍ ስር የተንጠለጠለ ቦምብም ያጋልጣል። ከከባዶቹ አጋላጮች አንዱ ደግሞ አብራሪው የተቀመጠበት ክፍል ነው። ሞገዱ በመስታወቱ ዘልቆ ይገባና ከወንበሩ፣ ከመሣሪያዎቹ፣ ከራስ ቁሩ እየተጋጨ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል መስታወቱን በስስ የብረት ሽፋን መቀባት ግድ ነው፤ ጉብታው ግን የትም አይሄድም።

አያችሁ ወዴት እንደሚወስደን? አብራሪውን አውርዱት። መስታወቱ፣ ወንበሩ፣ ጉብታው አብሮ ይቀራል። ጭራውንም ቁረጡና አውሮፕላኑ ሁለመናው አንድ ጠፍጣፋ ክንፍ ይሁን። ሞተሩን በጀርባው ቅበሩት፤ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ከላይ አድርጉና መተላለፊያውን አጣሙት፣ ከታች የሚያይ ራዳር ምላጮቹን እንዳያገኛቸው። ቦምቡን ሆዱ ውስጥ ደብቁት። ዛሬ በየአገሩ የሚሠሩት ስቴልዝ ድሮኖች አንዱ ከሌላው የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። ተኮራርጀው ነው የሚል ሰው ትንሽ እውነት አለው። ትልቁ ምክንያት ግን ሁሉም ያንኑ ፈተና መሥራታቸው ነው፤ መልሱም አንድ ነው።

እንዲያውም አሜሪካኖች ይህን ጥበብ ኤፍ-117 ሳይወለድ በፊት ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ ሞክረውት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ራያን የተባለው ኩባንያ ኮምፓስ አሮው የሚባል፣ ቻይናን ከላይ ፎቶ የሚያነሳ ድሮን ሠራ። ሞተሩ በጀርባው፣ ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ነበሩ። ተሠርቶ ሲደራጅ የኒክሰን መንግሥት ከቻይና ጋር ሊታረቅ ሆነ፤ ድሮኑ አንድም ቀን ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ተጣለ። ሎክሂድ የሠራው ዲ-21 ደግሞ ከድምፅ ሦስት እጥፍ የሚፈጥን ሰው አልባ ሰላይ ነበር። በ1969 ለመጀመሪያ ተልእኮ ወደ ቻይና ተላከ፤ ፎቶውን አንስቶ መዞር ሲገባው ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሶቪየት ኅብረት ገባና እዚያው ወደቀ። ስብርባሪውን ሶቪየቶች ለቅመው አጠኑት። ሰው ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ «የት እየሄድኩ ነው?» ይል ነበር። ይቺን ነገር አስታውሷት፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም የሙከራ ዘመን ነው። ዳርክስታር የተባለው በ1996 በሁለተኛ በረራው ተከሰከሰ። ቦይንግ የሠራው ኤክስ-45 በ2002 በረረ። ኖርዝሮፕ የሠራው ኤክስ-47ቢ በ2013 መርከብ ላይ ያለ አብራሪ አረፈ፤ በ2015 ደግሞ አየር ላይ እንዳለ ነዳጅ ተቀበለ። አውሮፓውያን ኔውሮንን በ2012፣ እንግሊዞች ታራኒስን በ2013፣ ቻይናዎችም በዚያው ዓመት «ስለታም ሰይፍ» ያሉትን አበረሩ። ሩሲያዎች በ2019 ኦኾትኒክን አስከተሉ፤ አዳኝ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሙከራ ሳያልፉ ቀርተዋል። ዋጋቸው አይቀመስም፤ ጦሮቹም ምን ሥራ እንደሚሰጧቸው ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን፦ ከማን ነው የሚሰወረው? ማርች 27 ቀን 1999 ሌሊት ሰርቢያ ውስጥ ኮሎኔል ዞልታን ዳኒ የሚመራው የሚሳይል ክፍል አንድ ኤፍ-117 መትቶ ጣለ። ሚሳይሉም ራዳሩም የሶቪየት ዘመን አሮጌ መሣሪያ ነበር። ምስጢሩ እርጅናው ላይ ነው። ፒ-18 የሚባለው የቅኝት ራዳር የሚጠቀመው ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ሞገድ ነው። ስቴልዝ ቅርጽ የሚሠራው ግን ተኳሽ ራዳሮች የሚጠቀሙበትን የጥቂት ሴንቲ ሜትር ሞገድ ለማታለል ነው። ሞገዱ ሲረዝምና ከአውሮፕላኑ ጭራ ወይም የክንፍ ጫፍ ጋር መጠኑ ሲቀራረብ ያ ሁሉ የማዘንበል ጥበብ ብዙ ጥቅሙን ያጣል። ረጅሙ ሞገድ «እዚያ አካባቢ አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ በትክክል የት እንዳለ ለመናገር ይቸገራል። ሰርቦቹ ግን በዚያች ፍንጭ ተመርተው፣ ተኳሽ ራዳራቸውን ለአጭር ጊዜ ብቻ እየከፈቱ፣ ቦታ እየቀያየሩ ጠበቁት። ያው አውሮፕላን ያንኑ ሌሊት ከአንዱ ራዳር የተሰወረ፣ ለሌላው የሚታይ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ደቡብ እንውረድ። በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አንድ ዜና አወጣ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ሪፐር የሚባሉ ድሮኖችን እያስነሳ ሶማሊያን ይቃኛል፤ ማረፊያውንም ለማደስ ሚሊዮኖች ዶላር አውጥቷል። አየር ኃይሉም አመነ፤ የሚበሩት መሣሪያ ያልታጠቁ፣ ለቅኝት ብቻ ናቸው አለ። ያኔ አርባ ምንጭ የደቡብ ክልል ከተማ ናት፤ የክልሉ መናገሻ ደግሞ የእኛዋ ሐዋሳ። (ዛሬ ክልሉ ፈርሶ ሐዋሳ የሲዳማ፣ አርባ ምንጭ የደቡብ ኢትዮጵያ ሆነዋል።) ከዚህ እስከዚያ በአየር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሪፐር የግማሽ ሰዓት መንገድ። ሞቃዲሾ ግን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሪፐር እዚያ ለመድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ከ20 ሰዓት በላይ አየር ላይ መቆየት ስለሚችል አይከብደውም። ማስነሳትና ማሳረፉን በቦታው ያለ ቡድን ያደርገዋል። አየር ላይ ከወጣ በኋላ በሳተላይት በኩል አሜሪካ የተቀመጠ አብራሪ ይረከበዋል።

ሪፐርን ታቦር ላይ ባለው ራዳራችን ብናየው ምን ይመስላል? ጉድ ነው የሚያሰኝ ነገር የለውም። ክንፉ 20 ሜትር ነው፣ ሞተሩ ከኋላ የሚሽከረከር ፕሮፔለር አለው፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ራዳር ያለው ማንም ያየዋል። ታዲያ ለምን ስቴልዝ አላስፈለገውም? ከታች ሶማሊያ ውስጥ ያለው ታጣቂ ቡድን፣ አልሸባብ፣ ራዳር ስለሌለው። ከላይ ያለፈበት ሰማይ ባለቤትም ራሱ ፈቅዶለታል። የቀረው አንድ ተመልካች ሕዝቡ ነበር፤ ከእሱ ለመሰወር ደግሞ የሞገድ ሂሳብ አያስፈልግም፣ ዝም ማለት ይበቃል። ያም ቢሆን ዜናው ወጣ። ጣቢያው መዘጋቱ የታወቀው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሲሆን፣ አሜሪካኖች ውሳኔው የሁለቱም አገሮች ነው አሉ፤ ለምን እንደሆነ ብዙ አላብራሩም።

የዘመኑ ግጥምጥሞሽ ይገርመኛል። የአርባ ምንጭ ዜና በወጣ በአንድ ወር ከምናምን ውስጥ፣ በእኛው አቆጣጠር ኅዳር 2004 ላይ፣ አሜሪካ እውነተኛውን ስቴልዝ ድሮኗን ኢራን ውስጥ አጣች። አርኪው-170 ይባላል፤ ጭራ የሌለው፣ ሁለመናው ክንፍ የሆነ የሎክሂድ ሥራ ነው። እዚያ ስቴልዝ የተላከው ኢራን ራዳርም ሚሳይልም ስላላት ነበር። ኢራኖች በኤሌክትሮኒክስ ጠልፈን አወረድነው አሉ፤ አሜሪካኖች መቆጣጠር አቅቶን ነው የጠፋብን አሉ። የሆነው ሆኖ ብዙም ሳይጎዳ ለቴሌቪዥን ቀረበ። ኢራን መልኩን ቀድታ የራሷን ሠራች። በ2018 ፌብሩዋሪ ከሶሪያ ተነስቶ እስራኤል የገባው የዚያ ቅጂ ግን በሄሊኮፕተር ተመትቶ ወደቀ። መልኩን መቅዳት ይቻላል። ሽፋኑን፣ የመገጣጠሚያውን ጥራት፣ የሞተሩን ሙቀት አደባበቅ መቅዳት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ራሳችን ድሮኖች ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ግን ሳንነካው አናልፍም። ኢትዮጵያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከቱርክ ጋር አንካራ ላይ ወታደራዊ ስምምነት ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ባይራክታር ቲቢ2 የሚለውን ስም የማያውቅ የለም። የሳተላይት ፎቶ የሚያጠኑ ሰዎች፣ የኔዘርላንድሱ የሰላም ድርጅት ፓክስ ጭምር፣ በትግራዩ ጦርነት ወቅት ቢሾፍቱ ላይ የቱርኩንና የቻይናውን ዊንግ ሉንግ፣ ሰመራ ላይ ደግሞ የኢራኑን ሞሃጀር የሚመስል አይተናል አሉ። ሁሉም ባለ ፕሮፔለር ናቸው፣ ሁሉም ቦምባቸውን ክንፋቸው ስር አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። አንዳቸውም ስቴልዝ አይደሉም። ቲቢ2ን የሚያስነሳው ሞተር 100 ፈረስ ጉልበት ያላት፣ በትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ላይ የምትገጠም ሮታክስ ናት።

ታዲያ ከታች ያለ ሰው ለምን አያያቸውም? እስቲ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄደን እናስላው። ዓሣ አስጋሪው የሚጥለውን ሆድ ዕቃ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ ታውቁታላችሁ፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል። የቲቢ2 ክንፍ 12 ሜትር ነው። 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቲቢ2 ለዓይናችሁ የሚያህለው፣ ከአናታችሁ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ የሚያንዣብብ አባ ኮዳን ነው። ቀለሙ የሰማይ ግራጫ ነው፤ ክንፉም ቀጭን ነው። አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ በደመና መሀል ፈልጉት እንግዲህ። ድምፁስ? ከዚያ ከፍታ ድምፅ ጆሯችሁ ለመድረስ 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ድሮን በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ጉምጉምታውን ወደ ሰማችሁበት ብታዩ ባዶ ሰማይ ነው። እሱ ግን በካሜራው እናንተን ያያል።

ስለዚህ ቅርጹ ስቴልዝ ባይሆንም፣ ራዳር ለሌለው ሰው ድሮኑ የተሰወረ ነው። ሊቢያ ውስጥ ተመልካቹ ራዳርና ሚሳይል ስለነበረው በርካታ ቲቢ2 ወድቋል። ዩክሬንም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናው ሩሲያዎች የአየር መከላከያቸውን ካደራጁ በኋላ ቀዘቀዘ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ተመልካች አልገጠመውም። በ2014 ዓ.ም. የገና ሌሊት ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ደግሞ ከሐምሌ መጨረሻ 2015 እስከ ታኅሣሥ 2016 ባሉት አምስት ወራት የመንግሥት ኃይሎች በፈጸሙት የድሮን ጥቃት 248 ሲቪሎች መገደላቸውን ዘግቧል። አብዛኛው አማራ ክልል ውስጥ ነው። ስለ ድሮን ሲወራ መሐንዲሱን ማድነቅ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፤ ከዚህች ቁጥር ላይ ስደርስ ግን አድናቆቴን ዋጥ አደርጋለሁ።

ከሳተላይት ግን ማንም አልተሰወረም። ድሮን የግድ ማረፍ አለበት፤ ማኮብኮቢያ፣ መጋዘን፣ የመቆጣጠሪያ አንቴና ይፈልጋል። ራዳርን የሚያታልል ቅርጽ ቆሞ ሲታይ ከላይ ለሚያነሳው ካሜራ እንዲያውም የበለጠ ይለያል፤ እንዲያ ያለ ጥቁር ክንፍ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስለ ቢሾፍቱና ስለ ሰመራ የወጣው ወሬ አብዛኛው ከመሬት ሰላይ ሳይሆን በገንዘብ ከሚሸጥ የሳተላይት ፎቶ ነው የተነሳው።

አሁን ወደዚያ ወደማይዞረው ዲ-21 ልመለስ፤ የዛሬው ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነውና። ድሮን በሬዲዮ ነው የሚታዘዘው። ያየውን ፎቶ በሬዲዮ ይልካል፣ ትእዛዝ በሬዲዮ ይቀበላል። ሬዲዮ የሚልክ ነገር ደግሞ ራሱ እየጮኸ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ቅርጹ የቱንም ያህል የተዋበ ቢሆን። ጠላት ያን ሬዲዮ ሊያፍነውም ይችላል። በእውነት መሰወር የሚፈልግ ድሮን እንግዲህ ዝም ማለት አለበት። ዝም ካለ አብራሪው የለም። አብራሪው ከሌለ ወዴት እንደሚዞር፣ ምን እንደሚያይ፣ ምናልባትም ምን እንደሚመታ ራሱ ይወስናል። ኤክስ-47ቢ መርከብ ላይ ያረፈው በሰው እጅ እየተመራ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ነው ያሳረፈው። በመርከብ ላይ ማረፍ የሚያስጨንቅ የሂሳብ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ይመታ ወይስ ይተው የሚለው ግን ሂሳብ አይደለም። ስለ ስቴልዝ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ሽፋንና ስለ ቅርጽ ሲያወሩ ይህን ዘለው ያልፋሉ። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው፤ የበለጠ በተሰወረ ቁጥር ከሰው ትእዛዝ የበለጠ ይርቃል።

ዝም ያለ ድሮን አልታዘዝ ሲልስ? በ2024 ኦክቶበር ዩክሬን ምሥራቅ ላይ አንድ ኦኾትኒክ ወድቆ ተገኘ። የመታው የሩሲያ የራሷ ተዋጊ ጄት ነው። ከቁጥጥር ወጥቶ በጠላት ይዞታ እንዳይወድቅ ነው የመቱት ተብሎ ነው በሰፊው የተነገረው። ወደቀ፤ ዩክሬኖችም ስብርባሪውን ለቅመው ወሰዱት። ከዲ-21 ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የቱርኩ መስመር ነው። ቲቢ2ን የሠራው ባይካር ኩባንያ በ2022 ዲሴምበር ኪዚልኤልማ የሚባል ሰው አልባ ጄት አበረረ፤ በዓመቱ ሌላው የቱርክ ኩባንያ አንካ-3 የተባለውን ጭራ አልባ ክንፍ አስከተለ። ኪዚልኤልማ ከቲቢ2 ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም ማለት ይቻላል፤ ጄት ሞተር አለው፣ መሣሪያውን ሆዱ ውስጥ ይይዛል፣ ጭራዎቹ ያዘነበሉ ናቸው። ደንበኛ የሆነ አገር ከአንድ ሱቅ ሲገዛ ሌላውንም መደርደሪያ ማየቱ አይቀርም። በአገር ቤት ደግሞ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመርቋል፤ ለሰላማዊም ለውጊያም የሚሆኑ ድሮኖች እንደሚሠራ ተነግሯል። ድሮን መሥራትና ስቴልዝ ድሮን መሥራት መሀል ግን ያው የ16 እጥፍ ሂሳብ አለ፤ እያንዳንዷ የሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ያልተስተካከለ የመገጣጠሚያ ጠርዝ፣ የወጣ ብሎን ሁሉ ሞገድ ይመልሳል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ዜና ላይ «የማይታይ ድሮን» ሲባል ብትሰሙ ድምፁን ዝጉና ሥዕሉን ብቻ እዩ። መጀመሪያ ጭራውን ፈልጉ፦ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነገሩ ተበላሽቷል። ከዚያ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ፤ የሞተሩን ምላጮች ከፊት ለፊት ካያችኋቸው ራዳሩም አይቷቸዋል። ቦምቡ ክንፍ ስር ተንጠልጥሎ ከሆነ ቅርጹን ለማሳመር የተደከመው ሁሉ ለፎቶ ነው። ከኋላ ፕሮፔለር የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ፣ ዜና አንባቢው ምንም ቢል፣ ታቦር ላይ ያለው ራዳራችን ከሩቅ ይይዘዋል። እኛ ራዳሩ ቢኖረን ማለቴ ነው።